ለልጄ፣ መጠይቅሽን ይዘሽ ከመምጣትሽ በፊት

ወለቴ፣ አዲስ አበባ ዳርቻ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም አባትሽም ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የመመረቂያ ጥናትሽን በእኛው አካባቢ በሚገኘው ጤና ጣቢያ በወለዱ እናቶች ላይ ለመሥራት መወሰንሽን፣ አማካሪሽም ርእሱን እንደተቀበሉልሽ በስልክ ስትነግሪኝ በጣም ደስ ብሎኛል። እናቶች በምጥ ሰዓት ተከብረው ተይዘዋል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ በነርስነት በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ሊጠየቅ ሲገባው ሲታለፍ ያየሁት ነው። ይሁን እንጂ ስልኩን ከዘጋን በኋላ ሳወጣ ሳወርደው የቆየሁት ነገር ስላለ፣ ደጋግመሽ ታነቢው ዘንድ በጽሑፍ ላደርስሽ ወደድኩ።

ወሬሽ ሰፈር ደርሷል። ከእድር ስብሰባ ስንወጣ በቅርቡ የወለዱ ጎረቤቶቻችን ከበውኝ «የሲስተር ልጅ ልትጠይቀን ነው አሉ፤ ስለ አንቺ ስንል ያለችንን ሁሉ እንመልስላታለን» አሉኝ። ከልባቸው እንደሆነ አውቃለሁና አመሰገንኳቸው። የሚያሳስበኝ ግን ይኸው ቃላቸው ነው። ስለ እኔ ብላ እሺ የምትል ሴት ስለ ራሷ አልተስማማችም። ልጇ ሲያተኩሰው በሌሊት በራችንን የምታንኳኳ፣ ሐኪም መርፌ ሲያዝላት ቤቷ ድረስ ሄጄ የምወጋት እናት፣ የእኔን ልጅ «ይቅርብኝ» ብላ ለመመለስ ይሉኝታዋ አይፈቅድላትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ይህ ነው፦ እኛን የምታውቅ እናት በዕጣ ብትወጣ እንኳ አንቺ አትጠይቂያት፤ እኛን ጨርሶ የማያውቅ ሌላ ጠያቂ ይሂድ። ይህንንም ለአማካሪሽ ንገሪያቸውና በፕሮፖዛሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ስለ ፈቃድ ሳስብ ሁልጊዜ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት የዘነበወርቁ አለርት ሆስፒታል ነው። በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም አርማወር ሐንሰን ይባላል፤ ስሙን የወሰደውም እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ካገኘው ኖርዌጃዊ ሐኪም ነው። ሐንሰን ታላቅ ሰው ነበር፤ ደዌው እርግማንም የዘር ውርስም ሳይሆን በተሕዋስ የሚመጣ ሕመም መሆኑን በማሳየቱ ስንቶች ከኩነኔ እንደዳኑ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ይኸው ሰው በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ለማረጋገጥ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ቀድሞውንም በአንደኛው የደዌው ዓይነት የታመመች አንዲትን ሴት ሳያስፈቅድ፣ ከሌላ ሕመምተኛ በተወሰደ ናሙና ዓይኗን ወጋት። ጉዳዩ በኖርዌይ በርገን ከተማ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመትም በዚያው ከተማ ከሚሠራበት ሆስፒታል ሐኪምነት ተነሣ። ለፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ ነው ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ፦ ያላስፈቀዳት እርሷ ነገሩን እርሱ በሚያየው ዓይን እንደማታየው ስለገመተ ነው። እምቢ እንደምትል እያወቀ ነው ያልጠየቃት ማለት ነው። ልጄ፣ ይህን ሰው ክፉ አትበይው። ለበጎ ዓላማ የተነሣ፣ ሳይንሱም ትክክል የነበረ ሐኪም ነው፤ ትምህርቱም ለእኛ የሚጠቅመን ስለዚህ ነው፤ የሰውን ፈቃድ መርገጥ የሚመጣው ከክፋት ብቻ ሳይሆን ከችኮላና ከእርግጠኝነትም ነውና።

በአሜሪካ በታስኪጊ የተደረገውን በክፍል ተምረሽዋል። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ወደ 600 የሚጠጉ ድሃ ጥቁር ወንዶች ሲጠኑ፣ ቂጥኝ የነበረባቸው 399ኙ የታከሙ እየመሰላቸው፣ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሳይሰጣቸው ቀረ። ከታሪኩ ሁሉ እንደ እድርተኛ የቆረቆረኝ፣ ሰዎቹን ለማቆየት ከተሰጡት ነገሮች አንዱ የቀብር ወጪ መሆኑ ነው። ድሃ ሰው አስከሬኑ በክብር እንዲያርፍለት ምን ያህል እንደሚመኝ እኛ እናውቃለን፤ በዚያ ምኞት ተይዞ የተገኘ «እሺ» ምን ዓይነት እሺ እንደሆነም እንዲሁ። አንቺ ለእናቶቹ ስኳርም ሳሙናም ልትሰጪ ብታስቢ ከልክ ያለፈ አይመስለኝም፤ ስጦታው ግን ለተሳተፈችውም ላልተሳተፈችውም እኩል ይሁን።

አሁን ወደ አንቺ ጥናት ልምጣ። እናትየዋን የት ትጠይቂያታለሽ? በፕሮፖዛልሽ ላይ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ፣ በር ላይ እንደሆነ ነግረሽኛል። ለአንቺ እንደሚቀልሽ ይገባኛል፤ ግን አስቢው። ከወለደች አንድ ቀን የሞላት ሴት፣ ገንፎው ቀርቦላት፣ ቡናው ተፈልቶላት፣ ሕፃኑን ታቅፋ ስትወጣ «አዋላጇ ሰድባሻለች ወይ? ጭንሽን መትታሻለች ወይ? ሳታስፈቅድሽ መርምራሻለች ወይ?» ብትያት ምን ትመልሳለች? ልጁን በ45 ቀኑ ለክትባት ይዛ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፤ ከዚያም ለዘጠኝ ወሩ ኩፍኝ። የምታገኛትም ያቺኑ አዋላጅ ነው። «ሁሉም ደኅና ነበር» ትልሻለች፤ አንቺም እርካታ ከፍተኛ ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ። እኔ በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ተማሪዎች ወላዶችን ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ፣ ሌላው ሁሉ እየሰማ ይጠይቋቸው ነበር፤ ሴቶቹ መሬት መሬት እያዩ የሚመልሱትን መልስ ዛሬም አልረሳውም። የሥነ ምግባር ጉድለቱና የጥናቱ ጉድለት አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

ቤቷ ሄደሽ ጠይቂያት ብልሽም ሁሉን የሚፈታ አይደለም። አራስ ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም። አማቷ ምድጃው አጠገብ ናት፤ ባሏ ይገባል ይወጣል፤ ጠያቂ ዘመድ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቤት ስለ ወሊድ ቀላል የሆነውን ብቻ ጠይቀሽ ከባዱን ለሌላ ቀን ማቆየት ነውር የለውም። አማቷን አስወጥቶ ለብቻ መጠየቅ ግን በኋላ «ምን ስትነግሪያት ነበር?» ተብላ እንድትጨነቅ ያደርጋታልና ተጠንቀቂ። እኔ የሚሻል የሚመስለኝ፣ ክትባቱን ካስከተበች በኋላ፣ ከጤና ጣቢያው ውጪ፣ ራሷ በመረጠችው ቦታና ሰዓት መገናኘት ነው። የናሙናው ቁጥር ቢያንስብሽ እንኳ ይቅር። ጊዜ አጠረኝ ብሎ ቤት ቁጭ ብሎ መጠይቅ የሚሞላ ተማሪ መኖሩን ሰምቻለሁ፤ ያ ውሸት ነው፣ ሌላ ስም የለውም፤ አንቺ እንደማታደርጊው ስለማውቅ አልመለስበትም።

ጋዋንሽን ለብሰሽ አትሂጂ። ነጭ ጋዋን ያየች እናት ሕክምና የመጣላት ይመስላታል፤ ያንቺን ጥያቄ እምቢ ብትል ለልጇ መድኃኒት የምትከለከል ይመስላታል። ሐኪም ሆነሽ እንዳልመጣሽ፣ መልሷም አገልግሎቱን እንደማይነካባት፣ በመካከል ብትተወውም ማንም እንደማይቆጣት በአፍሽ ንገሪያት። ጣቷን በቀለም ነክራ የምትፈርመው ቅጽ ለአንቺ ዶሴ የሚጠቅም ቢሆንም፣ ፊርማ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ መሬቱ በካሳ የተወሰደበት የዚህ አካባቢ ገበሬ ወረቀት ላይ ጣቱን ሲጠየቅ ልቡ ይደነግጣል። በኮሌጃችሁ ያለው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ የቃል ስምምነትን በምስክር የሚቀበል ከሆነ ጠይቂና በዚያው ሥሪ።

እያወራችሽ ያለቀሰች እናት ብታጋጥምሽስ? የሞተ ልጅ የወለደች፣ ወይም ቤቷ የምትደበደብ ሴት ታገኚያለሽ፤ ማግኘትሽ አይቀርም። ወዴት እንደምትልኪያት፣ ማን እንደሚቀበላት አስቀድመሽ ሳታውቂ መጠይቁን አትጀምሪ። እስክሪብቶሽን አስቀምጪ፤ መጠይቁ ያለቀ እንደሆነ ቁጠሪው።

ስለ አዋላጆቹም አንድ ነገር ልበል። ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ሆና፣ ውኃ በጠፋበት ክፍል ምጥ የያዛቸውን ከአንድ በላይ እናቶች የምታዋልድ አዋላጅ ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ፣ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይደለም። ስድብንና ጥፊን አላስተባብልም፤ ፈጽሞ ልክ አይደለም። ግን መጠይቅሽ የተረኛውን ብዛት፣ የመጋረጃውን መኖርና አለመኖር፣ የጓንትና የውኃውን ነገር ካልጠየቀ፣ ጥናትሽ ጣቱን ዝቅተኛ ደመወዝ ወዳላት ሠራተኛ ብቻ ይቀስራል፤ ኃላፊው ከሒሳብ ይወጣል። እነርሱንም በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር መዝግቢ።

መረጃውን በስልክሽ፣ ኮቦ በሚባለው የመጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ላይ እንደምትሞዪ ነግረሽኛል። የእናቶቹን ስምና የካርድ ቁጥር ከመልሶቹ ጋር አታያይዢው፤ ስልክሽም የይለፍ ቃል ይኑረው፤ የመዝገቡን ፎቶ ለጓደኞችሽ በቴሌግራም አትላኪ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃን ለይቶ የሚጠብቅ ነውና፣ ነገሩ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው።

የስምምነት ቅጹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስታዘጋጂ ቦርዱ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ላኪልኝ። ከገበሬው ሰፈር ያሉት እናቶች አብዛኞቹ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ ፊደል ላልቆጠሩ ሁለት ሴቶች ጮክ ብለው ያነቡላቸው ዘንድ ጎረቤታችን የሆኑትን መምህር እለምናቸዋለሁ። ያልገባቸውን ቦታ ሁሉ አስምሬ በመናኸሪያ በኩል እመልስልሻለሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍልሽ ስትቀበዪ ለጤና ጣቢያው የሚሆን ተጨማሪ ቅጂ አሠሪ፤ ካርድ ክፍሉ ያለ እርሱ አያስገባሽም።

እናትሽ