ለአባባ፣ ከሎስ አንጀለስ

የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ወር ድምፄን ማጥፋቴ ረስቼዎት አይደለም። ከደወልኩ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው።

ትናንት 900 ዶላር ልኬያለሁ። 1,500 ብዬ እንደነበር አልጠፋኝም። ስድስት መቶው ለሙሽራዋ ለታናሼ፣ ሦስት መቶው ለዓይንዎ ነው። እባክዎ አይቀላቅሉት፤ እኔ እርስዎን አውቃለሁ፣ «ሰርጉ ይለፍ» ብለው ሁሉንም ለሰንጋና ለድንኳን ያውሉታል። ሐኪሙ ሞራው ይነሣል ካለ ከፋሲካ በፊት ይነሣ። ልጅዎን ሲድሩ ፊቷን ይዩት።

እህቴ ቀርጻ የላከችልኝን ድምፅዎን ደጋግሜ ሰማሁት። «ሹፌር የሌለው መኪና መጣ አሉ፣ ታዲያ ልጄ ምን ሊበላ ነው?» ብለዋል። ከሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት፤ እውነት ነው። ዌይሞ ይባላል። እንደ እኔ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ነጭ መኪና ነው፣ ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ነገር አለው። አምና ኅዳር እዚህ ከተማ ለማንም ክፍት ሆነ፣ ዘንድሮ ኅዳር ደግሞ ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ወጣ። መብራት ይዞን አጠገቤ ሲቆም ወደ ውስጥ አያለሁ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው፣ መሪው ግን ብቻውን ይዞራል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እጄ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሲያጠፋስ ማንን ይቀጡታል?» ላሉት፣ ሹፌር ነዎትና ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። በመስቀል ሰሞን ሳን ብሩኖ በምትባል ከተማ አንዱ መዞር በተከለከለበት ዞረና ፖሊስ አስቆመው። ውስጡ ሰው የለም። ቅጣት የሚጻፈው በሹፌር ስም ነውና ሳይቀጣ ተለቀቀ። እኔ ብሆን ኖሮ ከቅጣቱ ሌላ ኢንሹራንሱም ይጨመርብኝ ነበር፤ እንዲያውም ምንም ሳላጠፋ በየዓመቱ እየጨመረብኝ ነው። አሁን ሕግ ወጥቶ ከመጪው ሰኔ 24 ጀምሮ ፖሊስ ጥፋቱን ለኩባንያው መጻፍ ይችላል። ለእኔ ግን አይበቃኝም። እርስዎ በኤንትሬ የጭነት መኪናዎ አሰብ ሲመላለሱ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲወርድ እንዴት እንደሚነዱ አይቻለሁ። ረዳቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው፣ አንገትዎን በመስኮት አውጥተው። እንደዚያ የሚያስጠነቅቀው ከሰው ሕይወት ጋር መንጃ ፈቃድንም ማሰብ ነው። ኩባንያው ምኑን ይነጠቃል?

ርካሽ ስለሆነ የሚመርጡት እንዳይመስልዎ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ከእኛ ይበልጣል። አንዲት ተሳፋሪ «ማንም ሳያናግረኝ መሄድ ደስ ይለኛል» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ስትወርድ ቲፕ ሰጥታኛለች። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ አለ። እርስዎ ከሚሌ ያነሡትን መንገደኛ ጋቢና አስቀምጠው እስከ ባቲ ሲጨዋወቱ መሐል ላይ ተኝቼ እሰማ ነበር። የሹፌርነት ወጉ እሱ ይመስለኝ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ባሉበት፣ ነጭ በትር የያዘ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቆሞ አየሁ። ከእነዚያ መኪኖች አንዱ መጥቶ ጠርዙ ጋ ቆመ። ሰውየው በእጁ እየዳበሰ መያዣውን አገኘ፣ በትሩን አጥፎ ገባ፣ ሄደ። ማንንም አልለመነም። ያን ቀን ልጠላው አልቻልኩም። እርስዎ መንጃ ፈቃድዎ በዓይንዎ ምክንያት አልታደስ ካለ ወዲህ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እንደሚለዩ እህቴ ነግራኛለች። እንጀራዬን የሚሻማኝ መኪና እርስዎን ገበያ ቢያደርስልኝ ብዬ ተመኘሁ።

እህቴ፣ ይህን ስታነቢለት እዚህ ላይ አታልቅሺ።

ስለ እኔ አይስጉ። ገበያው ቀዝቅዞ ነው እንጂ አልቆመም። ዘንድሮ ሹፌሮች እንድንደራጅ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶልናል። ሌሊት ሌሊት የምሠራው መንገዱ ስለሚቀል ነው። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፣ እሱም ያልፋል።

ለሰርጉ አልመጣም፣ አባባ። «ሁለት ቀን እንኳ» እንዳትሉኝ፤ የመኪናው ዕዳ አላለቀም፣ የአንድ ወር ክፍያ ካጎደልኩ ይወስዱታል። ታናሼን፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋትን ልጅ፣ ሌላ ሰው አጅቦ ያስወጣታል። የሙሽራው ቤተሰብ ደሴ ስለሆነ አጃቢው ሐረጎን መውጣቱ አይቀርም። ዳገቱ ላይ ስትደርሱ መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ጥሩንባውን፣ እልልታውን፣ የሞተሩንም ድምፅ ቅረጹልኝ። እርስዎ ከፊት ይቀመጡ።

ልጅዎ