ትራማዶል አይሸትም፦ ለወላጆች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ብዙ ወላጆች ልጃቸው አምሽቶ ሲገባ ትንፋሹን ያሸታሉ። መጠጥ፣ ሲጋራና ሐሺሽ በጠረን ይታወቃሉ፤ ትራማዶል ግን አይሸትም። ሐኪም የሚያዘው የሕመም ማስታገሻ ስለሆነ እንክብሉ ቦርሳ ውስጥ ቢገኝ እንኳ "የራስ ምታት ነው" ተብሎ ይታለፋል። እኛን አጥብቆ የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

ዓይኑን መጠነኛ ብርሃን ባለበት ተመልከቱ። ትራማዶል የወሰደ ልጅ የብሌኑ ጥቁር ነጥብ ሊጠብ ይችላል፤ ፊቱን ያካል፣ ተቀምጦ ያንቀላፋል፣ ሆዱ ይደርቃል። ጫት የቃመ ግን ነጥቡ ይሰፋል፣ ወሬ ያበዛል፣ እራት አይበላም፣ እንቅልፍ አጥቶ ያነጋና በማግስቱ ይደበታል። ሐሺሽ ዓይን ያቀላል። የሚቀላቅሉም ስላሉ በአንድ ምልክት አትፍረዱ፤ የእንቅልፉን፣ የምግቡንና የገንዘብ አያያዙን ለውጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ተከታተሉ።

ሽንት ስታስመረምሩ ትራማዶልን በስሙ ጠይቁ። የተለመደው የሞርፊን መመርመሪያ አያሳየውም፤ "ነፃ ነው" የሚል ውጤት ይዞ የሚመለስ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሱስ ከያዘው በአንድ ቀን አታስቁሙት። ላብ፣ ተቅማጥና የሰውነት ቁርጥማት ይመጣበትና ተመልሶ ይወስዳል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

ሲጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ካንቀጠቀጠው በጎኑ አስተኝታችሁ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወተትም ቢሆን።

የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች