ከደረትዎ 15 ሳንቲሜትር

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፔስሜከሩ (የልብ ምት የሚያስተካክለው መሣሪያ) ተገጥሞልዎ ከሐኪም ቤት በወጡ በሁለተኛው ሳምንት ሱቁን እንደከፈቱ እማማ ነገረችኝ። ስለ እሱ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የልጅ ልጅዎ ጥያቄ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ማግኔት ቁሶች መማር ጀምራለች፤ «ምስማር ማግኔት ካልሆነ ማግኔት ለምን ይስበዋል?» ብላ ልካልዎታለች አሉ። መልሱን ልጻፍልዎት፣ ስትደውል ግን እርስዎ ይንገሯት። ከእኔ ይልቅ የእርስዎን ትሰማለች።

ብረት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በኤሌክትሮኖቹ ስፒን (እንደ መሽከርከር በሚታሰብ የተፈጥሮ ባሕርያቸው) ምክንያት ትንሽ ማግኔት ነው። ጎረቤታም አቶሞች በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ ግን ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ሰፈሮቹ ዶሜይን ይባላሉ። አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ስለሚያይ ተጣፍተው ምስማሩ ማግኔት አይመስልም። ማግኔት ሲቀርበው ግን ወደ እሱ የዞሩት ሰፈሮች የጎረቤታቸውን ድንበር እየገፉ ይሰፋሉ፤ ምስማሩም ለጊዜው ማግኔት ይሆናል። እስከ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካጋሉት ሰልፉ ይፈርሳል፣ ማግኔትም አይስበውም።

ድንበሩ ሲገፋ በጆሮዋ ትስማው። ከትራንስፎርመር የወጣ ቀጭን ሽቦ በስትሮ ላይ ብዙ መቶ ዙር ይጠምጥሙ፣ ምስማሩን ውስጡ ያስገቡ፣ ሁለቱን ጫፍ ከአምፕሊፋየር የማይክ መግቢያ ጋር ያገናኙ። ማግኔቱ ቀስ እያለ ሲቀርብ ሽርርር የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ድንበሮቹ በአንዴ ሳይሆን እየዘለሉ ስለሚሄዱ ነው። ጀርመናዊው ባርክሃውዘን በ1919 እ.ኤ.አ. ያገኘው ይህንኑ ነው። የመብራቱ እምምም የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ወደ ማይኩ የሚሄዱትን ገመዶች እርስ በርስ ይግመዷቸው። ድምፁ ደካማ ከሆነ ምስማሩን ቀይ እስኪሆን አግለው አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፤ ያኔ ይለሰልሳል። ማግኔቱን የምትይዘው ግን እሷ ናት። እርስዎ አምፕሊፋየሩ ጋ ይቀመጡ።

መምህሯ ለስላሳና ጠንካራ ማግኔት የሚሉትን እርስዎ ከሱቁ ያውቁታል። ለስላሳው የትራንስፎርመር ላሜራ (ስስ የብረት ቅጠል) ነው፦ 3 በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለው፣ ውፍረቱ 0.35 ወይም 0.5 ሚሊሜትር የሆነ። በሰከንድ 50 ጊዜ ሲገለባበጥ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሂስተሪሲስ የሚሉት ይህ ነው፣ ለስላሳ ብረት ላይ ትንሽ ነው። ሌላው ሙቀት ላሜራው ውስጥ ከሚሽከረከረው ጅረት ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በውፍረቱ ስኩዌር ያድጋል። በ0.35 ፋንታ 0.5 ሲያስገቡ እጥፍ ይሆናል። ጠርዙ ተሞርዶ ቫርኒሹ ከተላጠም ላሜራዎቹ እርስ በርስ ይነካኩና ትራንስፎርመሩ ያለ ጭነት ይግላል።

ጠንካራው የስፒከር ማግኔት ነው። እዚህ ላይ ልብ ብለው ያንብቡልኝ። ጥቁሩ ፌራይት 0.4 ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) ገደማ ብቻ ነው፣ ግን ያገኘውን አይለቅም። በድሮ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ያለው አልኒኮ 1.2 ቴስላ ገደማ ይደርሳል፤ የሚያጠፋውን ኃይል የመቋቋም አቅሙ ግን በሜትር 50 ኪሎ አምፒር ያህል ብቻ ነው። ከብረት ቀንበሩ (ዙሪያውን ከያዘው ብረት) ሲወጣ የገዛ ዋልታዎቹ ወደ ውስጥ ተመልሰው ይጫኑታል፣ ሰልፉም ከፊሉ ይገለበጣል። መልሰው ቢገጥሙት የጠፋው አይመለስም። ስፒከሩ አልተሰበረም፣ ሽቦው አልተቃጠለም፤ ድምፁ ግን ይደክማል።

የትልቁ ሬዲዮ ስፒከር አልኒኮ ነበር፣ አባባ። ያን ጊዜ ድምፁ ሲደክም «ጥለሽው ነው» አሉኝ። አልጣልኩትም። ማግኔቱን ከቀንበሩ አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ መለስኩት፣ ይኸው ነው ያደረግሁት። እርስዎም ይህን የሚነግርዎት ሰው አልነበረም፣ አውቃለሁ። የሱቁ ቁልፍ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወንድሜ ተሰጠ። ዛሬ ይህን ሁሉ ቁጥር የማውቀው ከእርስዎ ጠረጴዛ ሥር በለቃቀምኳቸው ቁርጥራጮች ተነስቼ ነው፤ ለዚያ አመሰግንዎታለሁ።

አሁን ወደ ሱቁ። ከቆዳዎ ሥር ያለው ፔስሜከር የማግኔት መስክ የሚያውቅ መቀየሪያ አለው፤ ሐኪሞች ሆነ ብለው የሚጠቀሙበት ነው። መስኩ 1 ሚሊ ቴስላ ገደማ ሲደርስ አብዛኞቹ ልብን ማዳመጥ ያቆሙና በራሳቸው ቋሚ ምት ይመታሉ። ማግኔቱ ሲርቅ ይመለሳሉ፤ እስከዚያ ግን የልብዎ ምትና የመሣሪያው ምት ሊጋጩ ይችላሉ። 2 ሳንቲሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ኒዮዲሚየም የምትባለው ብርቱ ማግኔት ከ5 ሳንቲሜትር ርቀት 2 ሚሊ ቴስላ ታደርሳለች። 10 ሳንቲሜትር ላይ ወደ 0.3 ትወርዳለች፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ስምንት እጅ ገደማ ስለሚቀንስ። ስለዚህ ትንንሽ ማግኔትና ስልክ ከ15 ሳንቲሜትር፣ ትልቅ ስፒከርና ቃታ ያለው፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለበት የብየዳ ካውያ ከ30 ሳንቲሜትር አይቅረቡ። የተለመደው ዘንግ ካውያ ብዙ አያሳስብም። ስፒከር ደረትዎ ላይ ደግፈው መፍታት ይቅር። ምስማር የሚለቅሙባትን ማግኔት ከሸሚዝ ኪስዎ አውጥተው ከግድግዳው ላይ ይስቀሏት። ሲያዞርዎት «ድካም ነው» አይበሉ፤ ከጠረጴዛው ይራቁ፣ ካልተወዎት ሐኪም ጋ ይሂዱ። የፔስሜከሩ ካርድ ሁልጊዜ ኪስዎ ይሁን።

ሱቁን ይዝጉ አልልም። እማማ በይ ብላኝ ነበር፣ አልቻልኩም።

ያ ስፒከር አሁንም ጣራው ሥር ካለ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። እንደተገጠመ፣ ሳይፈታ፣ በሜትር 240 ኪሎ አምፒር ገደማ የሚሰጥ መስክ ለቅጽበት ቢያገኝ ኃይሉ ይመለሳል። እዚህ አስደርገዋለሁ። እርስዎ ዘንድ እንዳይሞከር፤ ያ መስክ በሚነሳበት ክፍል ውስጥ እርስዎ መኖር የለብዎትም።

ልጅዎ