ወንድሜን ላስገባችሁልን፣ እናቴን ላቆማችሁልን ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። ታናሽ ወንድሜ የሁለት ዓመት የወንጌል ተልእኮውን በጋና ፈጽሞ በሰላም ገብቷል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እናታችን በገዛ እግሯ ቆማ ተቀብላዋለች። ለዚህ ያበቃችሁን ብዙ ናችሁ። በየቤታችሁ ዞሬ እንዳላመሰግን ግማሾቻችሁ ባሕር ማዶ ናችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ ምስጋና ሲጀመር ወሬ የምትቀይሩ የጎንደር ሰዎች ናችሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ያዝኳችሁ።

ለማያውቁን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ወንድሜ ለሥራ አዲስ አበባ በሄደበት ጊዜ «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» የሚባለው አባል ሆነ። ብዙ ሰው «ሞርሞን» በሚለው ስም ያውቃቸዋል፤ ዋና መሥሪያ ቤታቸው አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። እኛ ደግሞ የተዋሕዶ ልጆች ነን። እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። አባቴ በጥምቀት ታቦቱን አጅቦ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሳይወርድ የቀረበትን ዓመት አላስታውስም። ከተማችንም ብትሆን የሱስንዮስን ዘመን አልረሳችም፤ ፋሲል የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን ከአገር ካስወጣ በኋላ ነው በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን የቆረቆራት። እንግዲህ ወሬው ቤታችን ሲገባ የሆነውን መገመት አያቅትም። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ልጁን ማናገር ተወ።

ብዙም ሳይቆይ ተልእኮ እሄዳለሁ አለ። የእነሱ ወንዶች ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለ24 ወር፣ ሴቶቹ ለ18 ወር ያገለግላሉ። የሚሄዱበትን አይመርጡም፤ ማመልከቻ ያስገባሉ፣ ጥሪው አገሩን ጠቅሶ ይመጣል። የእሱ ጥሪ ጋና፣ ኩማሲ የሚል ነበር። ፓስፖርቱን ለማግኘት በአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ያየነውን አሳር እዚህ አላነሣውም፤ ዛሬ የምስጋና ቀን ነው። እዚያ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረት ላይ ስም የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ፣ ያጠናሉ፣ ሲዞሩ ይውላሉ። ቴሌቪዥን የለም፤ የሴት ጓደኛ የለም። ሰፈራችን ውስጥ «በዶላር ተገዝቶ ነው» ሲባል ስለነበር ይህንንም ልጨምር፦ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ካጠራቀሙት ይከፍላሉ፣ ቤተሰብ ይደግፋል፣ የጎደለውን የቤተ ክርስቲያኑ አባላት ይሞላሉ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሠርቶ ያጠራቀማትን ይዞ ሄዶ ባዶ ኪሱን ተመልሷል። ዶላሩን ያየ ሰው ካለ ይንገረን፤ ጣራችን ያፈስሳል።

አሁን ወደ ምስጋናው። አዲስ ዓለም ያሉት ልብስ ሰፊ፣ ጋሼ፣ እርስዎን አስቀድማለሁ። ወንድሜ ሊሰናበተን ሲመጣ ነጭ ሸሚዞች እንዲሰፉለት ወሰድኩት። ለምን ይህን ያህል ነጭ ሸሚዝ እንዳስፈለገው ሲጠይቁን እውነቱን ነገርንዎት። እርስዎ መስጊድ የሚውሉ ሰው ነዎት፤ እኔ ከማርያም ደጅ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ከሁለታችንም የተለየ መንገድ ይዟል። «ከመንገደኛ የእጅ አልቀበልም» ብለው የጨርቁን ዋጋ ብቻ ወሰዱ። አንገቱን ደርበው ሲሰፉት ደግሞ «ላብ የሚበላው እዚህ ላይ ነው» አሉት። ሸሚዞቹ ሰሞኑን ከሻንጣ ወጡ። ጀርባቸው ሳስቷል፣ ብብታቸው ወይቧል፣ የአንዱ ኪስ ተገንጥሏል። አንገታቸው ግን እንደሰፉት ነው።

ቀጥሎ ፒያሳ ላለው ሆቴል ነው። የእነሱ ሚስዮናውያን እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. ድረስ ቤተሰብ ጋር መደወል የሚፈቀድላቸው በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ በሌላው ጊዜ በደብዳቤና በኢሜይል ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ፣ ከሥራ በሚያርፉበት የዝግጅት ቀን እንዲደውሉ ተፈቀደ። ወንድሜ የሄደው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ዕድለኞች ነን ብለን ነበር። ሰኞ ሰኞ፣ ኩማሲ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ስልኩ ፊት ትቀመጥ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ያ ሁሉ ቀረ። ከተማችን ውስጥ ተኩስ ነበር፤ በረራም ለጊዜው ቆሞ ነበር። እሱ ኩማሲ ሆኖ የጎንደርን ስም በዜና ይሰማል፤ እኛ አለን የምንልበት መንገድ የለንም። በቀጥታ መስመር አንዴ ድምፁን ብናገኘው፣ ደህና ነን ከማለታችን ሒሳቡ አለቀ።

ሆቴሉ በመደበኛ መስመር የሚሠራ ኢንተርኔት ነበረው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ መጀመሪያ በሻይ ዋጋ አስገባችን። በኋላ ሻዩም ቀረ። ከደረጃው ሥር፣ መስመሩ በሚጠነክርበት ቦታ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንበር ከነትራሱ ይቀመጣል። የሰዓት እላፊ በነበረበት ሰሞን ጥሪውን ወደ ቀኑ ያዛወረችልን፣ ለወንድሜም መልእክት ልካ ያስማማችው እሷ ናት። አንድ ቀን አንድ ወፍራም እንግዳ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው ብናገኛቸው፣ ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይህ የእማማ ወንበር ነው» ብለው አስነሷቸው። እማማ የተባለችው እናቴ ያን ቀን የሆቴሉ ባለድርሻ መስላ ነው የተቀመጠችው።

ኩማሲ ላላችሁት ይህን ደብዳቤ ወንድሜ በእንግሊዝኛ ያነብላችኋል። ቤት ያከራዩት እናት፣ ሜቶዲስት (የፕሮቴስታንት ወገን) እንደሆኑ ሰምተናል። በዚያ በነሐሴ፣ ከጎንደር ምንም ወሬ በጠፋበት ሰሞን፣ ማታ ማታ ከደጃፍዎ ላይ ሳያናግሩት አብረውት ይቀመጡ እንደነበር ነግሮናል። ፉፉ ስለሚባለው የአገራችሁ ምግብም እናመሰግናለን። እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «በማንኪያ ነው የሚበሉት?» ብላ ነው። በቀኝ እጅ፣ ታጥበው፣ ከአንድ ሳህን ሲባል ሐሳቧ ተቃለለ። ወባ ሲይዘው ደግሞ ውሃ የነከሩበትን ፎጣ ሲቀያይሩ ያደሩት እርስዎ ነዎት። የእኛ ሰፈር ልጆች ወባ የሚይዛቸው መተማ ወርደው ሰሊጥ ሲያጭዱ ነው። እናቴ «መተማን ሳያይ ወባ ያዘው!» እያለች ስታለቅስም ስትስቅም ሰነበተች።

የአገልግሎት ጓደኛው ከአሜሪካ፣ ከአይዳሆ የመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። የእሱ እናት ለእናቴ የድምፅ መልእክት መላክ ጀመሩ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሃይማኖት አንድ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። የሚያወሩት ልጆቹ ስለ መክሳታቸው፣ ስለ ዝናብና ስለ ድንች ነው። ድንች ያመርታሉ ስላት እናቴ «እንደ ደባርቅ?» አለች፤ እንዴት አድርጌ ደባርቅን ለአይዳሆ እንዳስረዳሁ አትጠይቁኝ።

ከዚያ የእናቴ ሕመም መጣ። ሆዷ ውስጥ የነበረ ዕጢ አድጎ ቀዶ ጥገና የግድ ሆነ፤ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ነበር። «ለልጄ እንዳትነግሩ» አለች። እሱ ግን ተጋድማ እያናገረችው መሆኑን ከስልኩ አያያዝ አወቀ። የተልእኮው ፕሬዚዳንትና ባለቤታቸው በቀጥታ መስመር ደውለው፣ ወደ ቤቱ መመለስ ቢፈልግ ዕለቱን ትኬት እንደሚቆርጡለት፣ ቢቆይም በየቀኑ እንዲደውል እንደሚፈቅዱለት ነገሩኝ። ስለዚህ ደግነታችሁ እናመሰግናለን። የወሰነችው እናቴ ናት። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «ለፈጣሪ ቃል ገብተህ የሄድክ ነህ። ጨርሰህ ና። እኔ ሐኪምም ጎረቤትም አለኝ» አለችው። ማርያምን እየጠራች የምትውል ሴት ናት ይህን ያለችው።

ሐኪምም ጎረቤትም ነበራት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በተለይ የማታ ተረኛዋ ነርስ፣ መብራት በመጣ ቁጥር የእናቴን ስልክ ከራስሽ ስልክ አስቀድመሽ ቻርጅ የሰካሽው። ደም የሰጣችሁ ተማሪዎች፣ ስማችሁን ሳንጠይቅ ወደ ፈተናችሁ ሮጣችሁ፤ እናቴ እስካሁን «ልጆቼ» እያለች ትጠራችኋለች። የእድራችን ሴቶች፣ ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር የተልባውን፣ የሽሮውንና የአጥሚቱን ተራ ያለ ምንም ስብሰባ ያወጣችሁት፣ ከአልጋዋ ሥር የሰሃን ቁልል አልጠፋም ነበር። ኩማሲም ያሉት ጓደኞቹ ስለ እሷ እሑድ ዕለት ሁለት ገበታ ትተው ጾሙ። ይህን ስነግራት ደነገጠች። «እሑድ? በሰንበት ይጾማል እንዴ?» ትንሽ አሰበችና «ይሁን፤ ለእኔ ብለው ነው፣ አይያዝባቸውም» አለች።

የአባቴን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ፈቅዶልኛል። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በ77ቱ ድርቅ ከአሰብ ወደብ ወደ ወሎ እህል አመላልሷል፤ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ግን ሰምተነው አናውቅም። እናቴ ተኝታ ሳለች ወንድሜ ከላከው ደብዳቤ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. እሑድ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ የቤተ ክርስቲያኑ አባላት ለኢትዮጵያና ለሌሎች የተራቡ የአፍሪካ አገሮች ብለው እንደጾሙ፣ የተዉትን ምግብ ዋጋ ሲያዋጡ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበና በሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በኩል እንደተላከ ይናገራል። አባቴ የማይሰማ መስሎ መስኮት ሲያይ ነበር። «ያን ጊዜ የጫንኩት እህል» አለ፣ «የማን ጾም እንደነበረ አላውቅም።» በሚቀጥለው ሰኞ ካፖርቱን ለብሶ ተከትሎኝ ሆቴሉ መጣ። ወንድሜ በስልኩ መስታወት ላይ አባቱን ሲያይ ቃል ጠፋው። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እዚያ መንገዱ አስፋልት ነው?» አለው። «ዋናው አስፋልት ነው አባባ፤ ሰፈር ውስጥ ቀይ አፈር ነው።» «ዝናብ ሲመጣ ያዳልጣል» አለ አባቴ። እንዲህ ታረቁ።

የነፍስ አባታችን፣ አባ፣ እጅ እነሣለሁ። የቁስቋምን ጸበል ይዘው አልጋዋ ድረስ መጥተዋል። ብዙ ሰው የሚሉትን ለመስማት ጆሮውን አቁሞ ነበር። «ልጁ የሄደበትን አልባርክም። እናቱን ግን በእሱ አላሳዝናትም። ስሙን በጸሎት አነሣለሁ፤ የክርስትና ስሙን» አሉ። አቋምዎን አልሸሸጉም፣ ደጃችንን መርገጥም አልተዉም። በሕመሟ ላይ መጥታችሁ «ልጅሽ እንደሆነ ጠፍቷል» ላላችኋትም ሰዎች ምስጋና አለኝ፤ ሁለተኛ ስላልመጣችሁ።

ወንድሜ በገባ ማግስት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቡና ተፈላ። እነሱ ቡናም ሻይም ጠላም አይጠጡም። «ቡና የማይጠጣ ሰው ምን ይዞ ይጫወታል?» የሚል ማጉረምረም ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ ግን ያልፈላ ብርዝ በብርሌ ይዘው ገቡና አጠገቡ አስቀመጡለት። ከማን ጠይቀው እንዳወቁ እስካሁን አላወቅንም። ሦስተኛው ስኒ እስኪወርድ ድረስ ቁጭ ብሎ ስለ ኩማሲ ገበያ አጫወታቸው። ፈንዲሻውን የጨረሰው እሱ ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ስለ ኢንተርኔቱ ገንዘብ አልቀበልም ብለዋል፤ አባቴ በፖስታ አድርጎ ከእንግዳ መቀበያዋ ዘንድ ትቶታል፤ እባክዎ አይመልሱት። ለአይዳሆዋ እናት የተላከው በርበሬ አዲስ አበባ ደርሶ መንገደኛ ይጠብቃል። እናቴ የላከችው መልእክት ይህ ነው፦ ድንቹ ውስጥ መጀመሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይጨምሩ፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በደንብ ይቁላላ፤ ልጁ ከኩማሲ ስለመጣ ይችለዋል፣ አባትየው ግን ቀስ ይበሉ።