የአእምሮ ሕሙማን መድኃኒት አይቋረጥ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ጤና መድኅን አገልግሎት
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የከባድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በጤና ጣቢያ ደረጃ ሳይቋረጡና ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

ስኪዞፍሬንያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ታላቅ ወንድሜን ለዓመታት የማስታምም ሴት ነኝ። ልጠይቃችሁ የሚገባኝ ብዙ ነገር አለ፤ የአልጋው እጥረት፣ የባለሙያው ቁጥር ማነስ፣ ጎዳና ላይ የወደቁት ወገኖቻችን ጉዳይ። በዚህ ደብዳቤ ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት መሠረታዊ መድኃኒቶች በየጤና ጣቢያው ሳይቋረጡ፣ ያለ ክፍያ ይሰጡን። ይህ ሳይስተካከል ሌላው የሚስተካከል አይመስለኝም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

ሕመሙን በቅርብ የማያውቅ ሰው «መድኃኒቱ ለጥቂት ሳምንት ቢቀር ምን ይሆናል?» ሊል ይችላል። እኛ ቤት የሚሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንቅልፍ ይጠፋል። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ከበር እስከ መስኮት ሲመላለስ እንሰማዋለን። ቀጥሎ ሬዲዮ ዝጉልኝ ይላል። «ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» ሲል ድምፁ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው፤ ሰው ግን ቁጣ ይመስለዋል። ከዚያ እማዬ በእጇ የሠራችውን አልበላም ማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ ከደረሰ በኋላ መድኃኒቱ ቢገኝ እንኳ አይውጠውም፤ ታምሜአለሁ ብሎ አያምንማ። የዚህ ሕመም ክፋቱ፣ «አሞኛል፣ ልታከም» የሚለውን አእምሮ ራሱን ነው የሚይዘው። አንድ ቀጠሮ ያለ መድኃኒት በማለፉ የተጀመረው ነገር አልጋ ይዞ በመታከም፣ አንዳንዴም በፖሊስ እጅ ያልቃል።

መድኃኒቱን በሰዓቱ ሲያገኝ ወንድሜ ራሱን ሆኖ ይኖራል። የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ያስጠናል፣ እማዬን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል። ይህን የምጽፈው ሕክምናው እንደሚሠራ የማይጠረጥር ሰው ሆኜ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ታዲያ መድኃኒቱ ለምን ይቋረጣል? ጥፋቱ የወንድሜ፣ ቸልተኝነቱ የእኛ የሚመስለው ብዙ ነው። የቀጠሮ ቀን ግን እንዲህ ነው። ማልደን ተነሥተን እንሄዳለን፤ ካርድ ክፍል ወረፋ እንይዛለን፤ የመድኅን መታወቂያችን ይታያል፤ የሳይካትሪ ነርሷ ታናግረዋለች። ጎበዝ ናት፣ ስሙን ታውቃለች፣ ስለ እንቅልፉ ትጠይቀዋለች። ማዘዣውን ጽፋ ትሰጠናለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር በመድኅናችን ነው። ከዚያ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ እንደርሳለን። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ያየዋል፣ ወደ መደርደሪያው ሳይዞር ይመልስልኛል። «እህቴ፣ ይሄ የለም፤ ከውጭ ግዢ።» መደርደሪያውን ለማየት እንኳ አይዞርም፤ አለመኖሩን ቀድሞ ያውቀዋልና። በእሱ አልፈርድም። የሌለውን ከየት አምጥቶ ይሰጠኛል?

ለወንድሜና ለመሰሎቹ ሕክምና ማለት በዋነኛነት ያ መድኃኒት ነው። ቀዶ ጥገና የለውም፤ የሚታይ ቁስል፣ የሚነሣ ራጅ የለውም። መድኅኑ ካርዱን ሸፍኖ፣ ምርመራውን ሸፍኖ፣ መድኃኒቱ ላይ ሲደርስ ከኪስ ግዙ ካልን፣ የተሸፈነልን ሕክምናው ያልሆነው ክፍል ነው። ከውጭ መግዛቱም ቀላል አይደለም። ዳያዜፓምንና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኖባርቢታልን የመሳሰሉት ልዩ የማዘዣ ወረቀት ይፈልጋሉ፤ ብዙ መድኃኒት ቤትም አይዛቸውም። አንዱ ጋ ያልተገኘውን ሌላው ጋ ፍለጋ ስንዞር የአንድ ቀን ሥራችን ይቀራል፤ የተገኘውም ከወር ወር ዋጋው ይለያያል። አቅም ያጣ ቤተሰብ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ክኒኑን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ወይ አንድ ቀን እየዘለለ ይሰጣል፣ የወር መርፌውን «የሚቀጥለው ደመወዝ ሲመጣ» ብሎ ያሳድረዋል። ነርሷ ይህን አታውቅም። በሚቀጥለው ቀጠሮ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል፤ የምንገዛውም ይበዛል።

እነዚህ መድኃኒቶች ብርቅ ወይም አዲስ ግኝት አይደሉም። ክሎርፕሮማዚን ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ ሃሎፔሪዶል የተገኘው በ1958 ነው። በወር አንዴ የሚወጋው ፍሉፌናዚንም የቆየ መድኃኒት ነው። የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸው ካበቃ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ማንም ፋብሪካ ሊሠራቸው ይችላል። የሚጎድለው ነገር፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ አገራችን ለእነሱ የሰጠቻቸው ቦታ ነው።

ይህን ስል የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒትን እያሰብኩ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» አይባልም። የቲቢ ታካሚም እንዲሁ። መንግሥት እነዚህን የፕሮግራም መድኃኒቶች ብሎ ለይቷቸዋል፤ በነፃ ይሰጣሉ፤ አቅርቦታቸውም ተለይቶ ይታቀዳል። ይህ ሲወሰን የተሰጠው ምክንያት ትክክል ነበር፤ ሕክምናው ረጅም ነው፣ መሃል ላይ ከተቋረጠ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ታካሚው ደግሞ በአብዛኛው ድሃ ነው። እባካችሁ ይህን ምክንያት አንድ በአንድ ከወንድሜ ሕመም ጋር አስተያዩት። የትኛው ይጎድላል?

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ግን በተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ በኩል ነው የሚገዛው። የጤና ተቋሙ ከራሱ ገንዘብ፣ ይሸጥልኛል የሚለውን መርጦ ይገዛል ማለት ነው። የሚጠይቀውም ባለፈው ጊዜ በተጠቀመው መጠን ተሰልቶ ነው። እስኪ የሠለጠነ ሰው የሌለበትን ጤና ጣቢያ አስቡት። የሚያዝ ሰው ስለሌለ ማዘዣ አይጻፍም። ማዘዣ ስለማይጻፍ መድኃኒት አይወጣም። መድኃኒት ስላልወጣ በሪፖርቱ ላይ ፍጆታው ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ፍጆታ ላለው መድኃኒት ደግሞ ግዥ አይጠየቅም። ከላይ ሆኖ ሪፖርቱን የሚያይ ኃላፊ በዚያ ወረዳ የአእምሮ ሕመምተኛ የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሕመምተኛው ግን አለ። ቤት ውስጥ ተዘግቶበት ወይ ታስሮ ነው ያለው። የሠለጠነ ነርስ ተመድቦ እንኳ መድኃኒቱ ካልተከተለው፣ ነርሱ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ሥልጠናውም ይባክናል።

ይህ ሊስተካከል እንደሚችል ከውጭ የመጣ ማስረጃ አያስፈልገንም፤ እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። በቡታጅራ በተደረገው የረጅም ጊዜ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሲገኙ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዐሥር ዓመት የተከታተለው ክፍል ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ፤ በአመዛኙ በተላላፊ በሽታ። ሠላሳ ዓመት። ይህን ቁጥር ካነበብኩ ጀምሮ ከራሴ አልወጣ ብሏል።

በሶዶ ወረዳ ግን የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያዎች ወርዶ ታየ። ሕክምና ከጀመሩት ከባድ ሕሙማን መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል በሕመሙ ምክንያት ታስሮ ያውቅ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ሲጠየቅ ያ ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። እግረ ሙቁን የፈታው ፖሊስ ወይም አዋጅ አልነበረም፤ በቅርብ የተገኘ መድኃኒትና የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ የአገራችን ጥናትም በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ክትትል የሚደረግላቸው ሕሙማን፣ ሆስፒታል ሄደው በሳይካትሪ ነርስ ከሚታዩት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አረጋግጧል። ስለዚህ ለተረጋጋ ታካሚ ክኒኑንና መርፌውን ሰፈሩ ድረስ ማውረድ ጥራት መቀነስ አይደለም።

ስለ ሪፈርም ጥቂት ልበል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ታካሚ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ላይ እንዲሄድ መደረጉ ተገቢ ነው፤ ሁሉም ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ ቢሰለፍ ማንም አይታከምም። ችግሩ ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ እንደሌለ ሁላችንም እያወቅን፣ የሪፈር ወረቀቱ ጊዜው ባለፈ ቁጥር እሱን ለማሳደስ ብቻ እንመላለሳለን። አንዳንድ ቦታ «ታካሚው ራሱ ይምጣ» ይባላል። ከቤት መውጣት የፈራን ሰው፣ ማንም ለማይመረምረው ፊርማ፣ ተሸክሞ መውሰድ ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ምርመራው ለተረጋገጠ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ ሪፈሩ ዓመቱን ሙሉ እንዲያገለግል፣ አስታማሚም ቀርቦ እንዲያሳድሰው ቢፈቀድ ለመድኅኑ የሚያስወጣው ተጨማሪ ወጪ አይታየኝም።

ሕክምናውን ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ዛሬም ከሩቅ ክፍለ ሀገር ያለ ቤተሰብ የሚያውቀው አድራሻ እሱን ብቻ ነው። በሽተኛውን አውቶቡስ ላይ አስሮ አዲስ አበባ ድረስ የሚመጣ አለ፤ እዚያው አቅራቢያው ባለ ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል ወይም ነርስ መኖሩን ሳይሰማ። በየትኛው ተቋም የአእምሮ ሕክምና እንደሚሰጥ፣ በምን ቀን እንደሚሰጥና የትኞቹ መድኃኒቶች እንዳሉ የሚገልጽ ዝርዝር በየቀበሌውና በየጤና ኬላው ይለጠፍ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በእጃቸው ይያዙት። በየጸበሉ ቦታም ይድረስ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሄድነው ወደ ጸበል ነው፤ አላፍርበትም፣ እማዬ ዛሬም ትወስደዋለች። ጸበሉን እየጠጣ መድኃኒቱን ሊውጥ እንደሚችል የነገሩን አባት ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ዓመት እናባክን ነበር። የጤና ባለሙያና የሃይማኖት አባት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ስንት ሰው ይተርፋል።

በጭንቀትና በድባቴ የሚሰቃዩት ጉዳይም እንዳልረሳሁት እወቁልኝ። የንግግር ሕክምና በመንግሥት ተቋም ማግኘት ከባድ ነው፣ በግል ደግሞ ለብዙው ሰው የማይቀመስ ነው። እሱ የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

«በጀት የለም» የምትሉበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ፤ የውጭ ምንዛሪውንም ችግር እንሰማለን። የምጠይቀው ግን አጭር ዝርዝር ነው። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን ወይም ሪስፔሪዶን፣ የወር መርፌው፣ ፍሉኦክሴቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን፣ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮኤት፣ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል። እነዚህ ከተዘዋዋሪ ፈንዱ ወጥተው የፕሮግራም መድኃኒት ይሁኑ። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ የጤና መድኅን አገልግሎት፣ ተቋሙ «የለም» ብሎ ማኅተም ያደረገበትን የአእምሮ ሕመም ማዘዣ ውል በተገባላቸው መድኃኒት ቤቶች ያለ ክፍያ እንድናወጣ ያድርግልን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንደሚንከባከብ ይናገራል፤ ሚኒስቴሩም ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. በነበረው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናውን ወደ መጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ለማውረድ ቃል ገብቷል። ቃሉ መልካም ነው፤ የምለምነው መድኃኒቱ እንዲከተለው ነው።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ይህ ዝርዝር በነፃ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ይገባ እንደሆነ፣ ካልገባም ለምን እንደማይገባ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በይፋ መልስ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ወንድሟን የምታስታምም እህት