ማትሪኩሌት፦ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በዚህ ዓመት በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየተሰበሰበ የእንግሊዝኛ ቃላትን ምንጭ ሲመረምር ቆይቷል። አብዛኞቹ ቃላት በአንድ ስብሰባ የተቋጩ ሲሆን፣ «ማትሪኩሌት» የተባለው ግስ ግን ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት በሙሉ ወስዷል፤ ይገባውም ነበር።

ጥናቱ የተጀመረው አንዲት አባላችን ወንድሟ ባለፈው ዓመት መመረቁን ለመግለጽ ይህንኑ ግስ ተጠቅማ ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር በጻፈች ጊዜ ነው። ግሱ የሚናገረው ግን ስለ መውጣት ሳይሆን ስለ መግባት ነው፤ አንድ ሰው ስሙ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ ሰፍሮ በይፋ ተማሪ መሆኑን ያመለክታል። «ማትሪክ»ን የምናውቀው በማጠናቀቂያ ፈተናነቱ በመሆኑ፣ ስሙ የዩኒቨርሲቲን መግቢያ የሚያስታውስ መሆኑን ከመካከላችን ልብ ያለ አልነበረም።

ግሱ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ምንጩ «ማትሪኩላ» የተባለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙ የስም መዝገብ ነው፤ እርሱም «ማትሪክስ» ከሚለው ቃል በማሳነስ የተገኘ ነው። ማትሪክስ ማህፀንን፣ በኋላም መዝገብን ያመለክት ነበር፤ የሁሉም ሥር ደግሞ «ማተር»፣ ማለትም እናት ነው። ይህ ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ አንድ ተማሪ የሒሳብ ደብተሩን ገልጦ ያሳየን ማትሪክስም፣ ማለትም በረድፍና በዓምድ የተደረደረ የቁጥሮች ሠንጠረዥ፣ ከዚያው ማህፀን የወጣ ነው፤ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር እ.ኤ.አ. በ1850 ስሙን ያወጣለት ዲተርሚናንቶች (ከእንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ የሚሰሉ ቁጥሮች) ከእርሱ ይወለዳሉ በሚል እሳቤ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የቃሉ የቀድሞ አገልግሎት ነው። በመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ ላይ በጎል ምድር (በአብዛኛው የዛሬዋ ፈረንሳይ) ማትሪኩላ ይባል የነበረው ቤተ ክርስቲያን የምትረዳቸው ድሆች ስም ዝርዝር ነበር፤ በመዝገቡ መጻፍ ቀለብ ማግኘት ነበር። መዝገብ ግን ያገልላልም። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1565 የተማሪዎችን ምዝገባ በመተዳደሪያ ደንቡ ካጸና በኋላ፣ ከ1581 ጀምሮ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን 39 የእምነት አንቀጾች መቀበልን በፊርማ ማረጋገጥ የመመዝገቢያ ግዴታ ሆነ፤ ግዴታው በሕግ የተነሣው በ1854 በመሆኑ፣ ካቶሊኮችና ሌሎችም ከሁለት መቶ ሰባ ዓመታት በላይ ደጅ ቀርተዋል። አባላቱ በዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ተከራክረዋል፤ የዓመቱ ምርጥ ጽሑፎችም የተገኙት ከዚሁ ክርክር ነው።

ቃሉ በሌሎች ቋንቋዎች የያዘውን መልክ በአጭሩ ተመልክተናል፦ ጀርመንኛ ዩኒቨርሲቲ ለሚለቅ ተማሪ «ኤክስማትሪኩላሲዮን» ሲል፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ «ኢማትሪኩላሲዮን»ን ለመኪና ምዝገባም ይጠቀምበታል።

ለመጪው ዓመት አባላቱ «ግራጁዌት»ን መርጠዋል። የእርሱ ሥር በላቲን «ግራዱስ»፣ ማለትም ደረጃ ሲሆን፣ የእኛ «ተመረቀ» ግን ከምርቃት የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ስብሰባም በዚህ ልዩነት ላይ ይሆናል።