ለአውስትራሊያ የሀገር ውስጥ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት፦ የሰሜን ሸዋ ባለትዳሮች ማስረጃ የት እንደሚገኝ

ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በርቀት የሚኖሩ ባለትዳሮች የሚያቀርቡት ማስረጃ የሚመዘንበትን መንገድ ይመለከታል

በደብረ ብርሃን ከተማ ሰነድ በመተርጎምና ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባሎቻቸው ሜልበርን ወይም ፐርዝ የሚሠሩ፣ እነሱ ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና ወይም ሸዋ ሮቢት የቀሩ ሚስቶች፣ አንዳንዴም ባሎች፣ 309 እና 100 ለተባሉት የባለትዳር ቪዛዎች የሚያስገቡትን ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት እነሱም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

በሕጋችሁ ላይ ቅሬታ የለኝም። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍልሰት ሕጋችሁ ባልና ሚስት ሌላውን ሁሉ ትተው ለጋራ ሕይወት የተሳሰሩ፣ ግንኙነታቸው እውነተኛና ያልተቋረጠ፣ አብረው የሚኖሩ ወይም ለዘለቄታው ያልተለያዩ መሆናቸውን ይጠይቃል፤ ደንቡም ገንዘባቸውን፣ የቤት አያያዛቸውን፣ በሰው ዘንድ እንዴት እንደሚታወቁና አንዳቸው ለሌላው ያላቸውን ቁርጠኝነት እንድታዩ ያዛል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕጋችንም ቢሆን፣ የጋብቻ ማስረጃ በሌለ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት የሚተያዩና የሚኖሩ፣ ቤተሰብና ማኅበረሰብም እንደዚያው የሚቆጥራቸው መሆኑን ይመለከታል። ሁለቱ ሕጎች የሚፈልጉት ነገር ተቀራራቢ ነው። የእኔ ጥያቄ፣ ያ ነገር በእኛ አገር በተቀመጠበት ቦታ ይፈለግ የሚል ብቻ ነው።

በአንድ የዕረፍት ጊዜ ተዋውቀው፣ በዚያው ወር የተጋቡ ሰዎች ፋይል ሲቀርብላችሁ መጠራጠራችሁ አይደንቅም። ሆኖም ባልየው አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌ ተልኳል፤ ሽማግሌዎቹ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረዋል፤ የሁለቱም ወገን ጠባይ፣ ሥራና ቤተሰብ ተጠይቋል። ሠርጉ ጥር ላይ የሚደረገውም ሰው ስለቸኮለ አይደለም። የገና ጾም ከተፈታ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ አጭር በመሆኑ፣ ከሥራው ፈቃድ አግኝቶ የመጣ ሰው በዚያ ውስጥ ሽምግልናውንም፣ ሠርጉንም፣ መልሱንም መጨረስ አለበት። ስለዚህ በፋይሉ ላይ የጥቂት ሳምንታት የሚመስለው ትውውቅ ከጀርባው የሁለት ቤተሰብ የወራት ምክክር ሊኖረው ይችላል፤ ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ከሠርጉ በኋላ ያለው ነገር ይበልጥ ይናገራል። ባሏ በሌለበት የአማቷን ቤት ለዓመት በዓል የምታሰናዳ፣ የባሏ አጎት ሲሞት ከለቅሶው ድንኳን ሦስቱንም ቀን የማትለይ፣ በባሏ ስም እድር የምትከፍል ሴት፣ ሰፈሩ ሁሉ የማን ሚስት እንደሆነች ያውቃል። እንዲህ ያለች ሚስት ግን ወደ እኔ ስትመጣ ብዙ ጊዜ የምታሳየኝ የሠርግ ፎቶና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ለቅሶ መድረስ ማስረጃ ይሆናል ብላ አታስብማ! ፎቶዎቹም ላይ ቢሆን ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚታዩት። በወላጅ ፊት መተቃቀፍ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ የፎቶው ጭምትነት የፍቅር ማነስ ተደርጎ እንዳይወሰድ እለምናለሁ።

የመልእክት ልውውጥን በተመለከተ አንድ የታወቀ ጉዳይ ላስታውሳችሁ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። የዚያን ጊዜ የኢሞና የዋትስአፕ መልእክት የሌለው ፋይል የተቋረጠ ትዳር ፋይል አይደለም። ኢንተርኔት ባለበት ጊዜም ቢሆን ከሜልበርን ጋር ያለን የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ባለበት፣ ሰው እንቅልፉን አቋርጦ የሚያወራው በድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ የሚታተም ጽሑፍ አይተውም።

ገንዘቡም እንዲሁ ነው። በሁለት አገር የሚኖሩ ሰዎች የጋራ የባንክ ሂሳብ መክፈት አይቀላቸውም። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ድረስ ደግሞ የባንኩና የትይዩ ገበያው ዋጋ እጅግ ተራርቆ ስለነበር፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን በሰው እጅ ልኳል። ከአገሬ ሕግ አንጻር ይህን ደግ ነው አልልም፤ ደረሰኝ የጠፋበትን ምክንያት ግን ይገልጻል። በወረቀቶቹ ላይ ስለሚታየው የስምና የዓመት ልዩነትም፣ ሚስት ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትለውጥና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከእናንተው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ እንደሚዘገይ ሠራተኞቻችሁ እንደሚያውቁ እገምታለሁ።

ለቪዛ ብቻ የሚደረግ የውሸት ጋብቻ የለም ብዬ አልከራከርም፤ አለ። ነገር ግን በሥራዬ ካየሁት ልናገር፦ ደላላ ያለበት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጎድለውም። ፎቶው በየወሩ ተነሥቷል፣ ደረሰኙ በተከታታይ ተቆርጧል፣ መልእክቱ እንደ ቃለ ጉባኤ ተስተካክሏል። የሚጎድለው የእውነተኞቹ ነው፤ ምክንያቱም ሲጋቡ አንድ ቀን መርማሪ ይጠይቀናል ብለው አላሰቡም።

ከ9,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ የማመልከቻ ክፍያ ለእነዚህ ቤተሰቦች ዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንድ ማስረጃ ጎድሎ ሲገኝ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ለምን እንደጎደለ ባለጉዳዮቹ በጽሑፍ እንዲጠየቁ፣ የሽማግሌዎች፣ የነፍስ አባትና የእድር ዳኛ ቃል ከነትርጉሙ ሲቀርብ ስለ ማኅበራዊው ገጽታ እንደሚናገር ማስረጃ ክብደት እንዲሰጠው፣ ቃለ መጠይቅም ሲደረግ ባልና ሚስቱ ስለ ራሳቸው ብቻ ሳይሆን አንዱ ስለ ሌላው ቤተሰብ እንዲጠየቁ በአክብሮት አመለክታለሁ። ይህ አሠራር የሚቻል ከሆነ፣ ባለጉዳዮች ከማመልከታቸው በፊት እንዲያውቁት በመመሪያችሁ ላይ ቢገለጽ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰነድ ተርጓሚ፣ ደብረ ብርሃን